የወንድሟ ቅርንጫፍ

በመሥሪያ ቤቱ የሁሉም ሰው ኮድ፣ ማን መቼ ምን እንደቀየረ ጭምር፣ አንድ ቋት ውስጥ ይቀመጣል። ሰው ሁሉ ዋናውን ሳይነካ ቅርንጫፍ የሚባል የራሱን ቅጂ ቀጥሎ ይሠራል። ተጀምሮ የተተወው ቅርንጫፍ ግን ለቁጥር ያታክታል። ከሠራተኞቹ አንዷ የሆነችው እሷም ማንም ዞር ብሎ ያላየውን ለቅሞ የሚያጠፋ ፕለጊን፣ ቋቱ ላይ የሚገጠም ትንሽ ፕሮግራም፣ ጻፈች። "ጠራጊዋ" እያሉ ሲያሾፉባት ሰነበቱ።

የዋናውን ቋት ሴቲንግ ገልብጣ የሙከራ ቋት አዘጋጀች፤ በፈጠራ ስሞች ሞላችውና ፕለጊኑን ለቀቀችው። እንከን የለሽ! በደስታ ልትጮህ ስትል የጠፉትን ስሞች አየች። አንዱ የወንድሟ ነበር። ለካ ከሴቲንጉ ጋር የተገለበጠውን አድራሻ ሳትቀይር፣ ፕለጊኑን የለቀቀችው ዋናው ቋት ላይ ኖሯል።

ታላቅ ወንድሟ እዚያው ይሠራ ነበር። ከሞተ ወዲህ ያ ጅምር ሥራው ብቻ ነው የቀረላት፤ እጨርሰዋለሁ ብላ ለሚስቱ ቃል ገብታለች። እሱ ሞቶ፣ እሷም ገና ሳትጀምረው፣ ማን ይንካው? ፕለጊኑ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ወደ አለቃዋ ቢሮ ሮጠች።

"የመጠባበቂያ ቅጂውስ?" አለችው አለቃዋን።

"ተበላሽቶ አልተተካም አላልኩሽም?" አለ ዓይኑን ሰበር አድርጎ።

በየሰው ኮምፒውተር ግልባጭ አለ፤ ግን ከቋቱ ጋር በተገናኘ ቁጥር ፕለጊኑ እዚያም ገብቶ ያጠፋል። እንዲህ፣ አንዴ ከተለቀቀ እንዳይቆም አድርጋ የሠራችው ራሷ ናት፤ ጎበዝ! "ኮምፒውተር እንዳትከፍቱ!" እያለች ከክፍል ክፍል ብትሮጥም ሰው ሁሉ ሥራ ከጀመረ ቆይቷል። ከሁሉም ላይ ጠፍቷል።

የቀረው ሚስቱ ጋ፣ ቤት ያለው የወንድሟ ላፕቶፕ ነው፤ እሱም እንደተከፈተ በራሱ ይገናኛል። ብትደውል ብትደውል የወንድሟ ሚስት አታነሳም። ታክሲ ውስጥ ዘላ ገባች፤ ደረጃውንም እያለከለከች ወጣች።

"ምነው እህቴ፣ በሰላም ነው?" አለች የወንድሟ ሚስት በሩን ከፍታ። "ስልኬ መኝታ ቤት ሆኖ አልሰማሁትም።"

"ላፕቶፑ... ተዘግቷል አይደል?"

"ኧረ እኔስ ጠዋት ጠዋት እከፍተዋለሁ። ማራገቢያው እፍ እፍ ሲል እሱ ቤት ውስጥ ያለ ይመስለኛል። እንኳንም መጣሽ፣ ነይ እስቲ ሥራውን አሳዪኝ።"

ወንበር ሳበችላት። ስክሪኑ ላይ እሷው ራሷ የጻፈችው መልእክት ተቀምጧል፦ "ጽዳቱ ተጠናቋል። መልካም የሥራ ቀን።"

የወንድሟ ሚስት እጇን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች።

"የቱ ጋ ነው የእሱ?"