በሚካኤል ስም የዛገች ሞተር

በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ሐሰት ሰምቻለሁ፤ በስሜ የተነገረ ሐሰት ግን ከሰኔ ሚካኤል በፊት አልሰማሁም ነበር። ነገሩ የተነሣው ከጡጫ በማትበልጥ ሞተር ነው። ትንሽ ናት ብሎ የሚያቃልል ይኖር ይሆናል። እኔ ግን በትንሽ ዕቃ ላይ የተሠራ ሐሰት ትንሽ ነው የሚል ትርጓሜ በየትኛውም ጉባኤ አልተማርሁም።

የሞተሯ ባለቤት ስም ይታያል ነው። በልጅነቱ ከእኔ ዘንድ ጾመ ድጓ ጀምሮ ነበር፤ ድምፁ አልታዘዝ ቢለው ዜማውን ትቶ ወደ ብረቱ ዞረ። ዛሬ ደብረ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው በስተ ጀርባ፣ ባጃጅና ሞተር ብስክሌት የሚጠግንበት ጠባብ ቤት አለው። በትርፍ ጊዜው ደግሞ ርዝመቷ አንድ ክንድ የምትሆን፣ በሪሞት የምትነዳ የእሽቅድድም መኪና ያሰናዳል። በባትሪ የምትሄድ የልጆች መጫወቻ እንዳትመስላችሁ። ፒስቶንና ካርቡረተር ያላት፣ ነዳጅ የምትጠጣ፣ ጭሷ ዓይን የሚያቃጥል ናት፤ ወጣቶቹ ናይትሮ ይሏታል። ሞተሯን ተሰባብራ ከአዲስ አበባ አግኝቶ ሁለት ክረምት ሲያክማት ኖሯል።

ከማኅሌት ስመለስ ከደጁ በርጩማ ላይ ዐረፍ ማለት ልማዴ ነውና ሥራውን አውቀዋለሁ። የነዳጁንና የአየሩን ልክ የምትመጥን መርፌ አለች፤ እርሷን በቀጭን ካቻቢቴ ጥቂት ያዞርና ያዳምጣል፤ ጭሱን ይመለከታል፤ ጣቱን በምራቁ አርሶ የሞተሯን ራስ ነካ ያደርጋል። አገራችን ደጋ፣ አየሩም ስስ ነውና ፋብሪካው የጻፈው ልክ እዚህ አይሠራም። «ስስታም ያቃጥላታል፤ አባካኝ ያፍናታል» ይለኛል። ከሁሉ ይልቅ የሚጠነቀቀው ግን ከሩጫ በኋላ ላለው ነው። ነዳጇ የአልኮል ዘር በመሆኑ እንደ ጌዴዎን የበግ ፀምር ከአየሩ ጠል ይስባል፤ በሆዷ ካደረ ብረቷን ይበላዋል። ስለዚህ ገንዳዋ ይደርቃል፤ ካንዴላዋ ይወጣል፤ ዘይት ጠብ ይደረግላትና በእጅ ትዞራለች። ከዳዊት አንድ ንጉሥ፣ ዐሥሩ መዝሙር፣ ሳይደገም የሚያልቅ ሥራ ነው።

የማጣሪያው ውድድር የተደረገው ዓርብ፣ ሰኔ ዐሥራ አንድ ቀን፣ በአማኑኤል መውጫ ባለው ሜዳ ነው። ይታያል አንደኛ ሆነ። ሁለተኛው እንዳላማው የሚባል ወጣት ሲሆን አባቱ አቶ ደመላሽ የብረታ ብረት ነጋዴ፣ ከዚያም በላይ የሰፈራችን የሚካኤል ማኅበር ሰብሳቢ፣ በእኛ አነጋገር ሙሴ ነው። ሦስተኛውን ከአማኑኤል ከተማ የመጡ ልጆች እንደ ምንም አገኙት። ፍጻሜው በሦስቱ መካከል በሳምንቱ ቅዳሜ ሆኖ አሸናፊው አዲስ አበባ ለሚደረገው ትልቁ ውድድር እንዲሄድ ተቆረጠ። ወዲያው ዝናብ ወረደና ሁሉም መኪናውን በጋቢው ሸፍኖ ወደየቤቱ ሮጠ።

ሰኞ ማለዳ ይታያል ሞተሯን በጨርቅ ጠቅልሎ ቤቴ መጣ። ተቀመጥ ብለው አልቀመጥም አለ።

«የኔታ፣ ቅር እንዳይልዎ። ለምን ከለከሉኝ?»

«ምኑን ልጄ?»

«ሞተሯን እንዳላጥብ።»

ጨርቁን ገለጠ። ተቀብዬ ለማዞር ብሞክር እንደ ደረቀ አንገት ገተረችኝ። ገፋ ሳደርጋት አሸዋ እንደ ገባበት ወፍጮ ተንቋቋች። የሞተሯ ዘንግ የሚዞርበትን ኩሽኔታ ዝገት በልቶት ኖሯል።

ከዚያ የሆነውን ነገረኝ። ዓርብ አመሻሽ ላይ መኪናዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ነዳጇን ማፍሰስ ሲጀምር የዋዜማው ደወል ተደወለ። ደመላሽ ጃንጥላውን ዘርግቶ ከደጁ ቆመ።

«አንተ! ዋዜማ ተደውሎ ብረት ትፈታለህ?»

«ጋሼ፣ ማጠብ ብቻ ነው። ካላጠብኳት ትዝጋለች።»

«ትዛግ! ሚካኤል ይበልጣል ወይስ ኩሽኔታ?»

«ኧረ ሚካኤል።»

«እንግዲያስ ተዋት። የኔታ ገዳሙም አሁን ከቤተ ክርስቲያን በር ስንገናኝ ‹ቅዳሜ በዓሉ፣ እሑድ ሰንበት፤ እስከ ሰኞ ብረት እንዳይነካ ብለህ ንገርልኝ› ብለዋል። እምቢ ካልህ ማኅበሩ ፊት ትቆማለህ።»

«እውነት የኔታ እንዲህ አሉ?»

«እኔ ልዋሽህ ነው በሚካኤል ዋዜማ?»

ይታያልም መፍቻውን አስቀመጠ፤ እጁን ታጥቦ በሩን ዘጋ። የደመላሽን ማስፈራሪያ ይችለው ነበር፤ የእኔን ስም ግን አልቻለውም። አሁን በፊቴ ቆሞ ያዘነው በሞተሯ ብቻ አልነበረም፤ በእኔም አዝኖ ነበር።

እኔ በዚያ ዓርብ ደመላሽን በዓይኔ አላየሁትም!

ደግሞስ ጠይቆኝ ቢሆን ምን እል ነበር? በበዓል እንጀራ የበላ ሰው ሳህኑን አያጥብምን? ላሟን ሳያልብ ያድራልን? በሰንበት ከጉድጓድ የወደቀችውን በግ ማን ነው እስከ ሰኞ ቆይልኝ ያላት? ፈጥነህ አጥባትና ና ዋዜማ ቁም እለው ነበር፤ ሌላ ቃል አልነበረኝም።

መቋሚያዬን አንሥቼ ወደ ደመላሽ ቤት ሄድሁ። ከግቢው የሞተር ጩኸት ይሰማል። እንዳላማው መኪናውን በድንጋይ ላይ አንሥቶ ጎማዋን በአየር ላይ ያዞራል። ሲያየኝ ፊቱ በራ።

«እንደ ምን አደሩ የኔታ! ይስሟት እስቲ! ዝናብ የመታት ትመስላለች?»

«አትመስልም። ከዝናቡ በኋላ ምን አደረግህላት?»

«ዓርብ ማታውኑ ፈታናት። መብራት ስለ ጠፋ አባባ በስልኩ አበራልኝ። መብራቱ ሲወዛወዝብኝ ‹አባባ ዝም ብለህ ያዝ፣ ታቦት አይደለም› ብዬ ስስቅበት ነበር። ቅዳሜም ከቅዳሴ መልስ ዘይት አጠጣናት፤ አንዱ ኩሽኔታ ትንሽ ስላልጣመን በአዲስ ለወጥነው። ሌላ መለዋወጫ ኩሽኔታም አለን።»

«በሚካኤል ዕለት?»

«ምነው የኔታ፣ ኀጢአት ነበር እንዴ?»

«በአንተ ላይ የለም» አልሁት።

ደመላሽ ድምፄን ሰምቶ ወጣ። ልጁን ወደ ሱቅ ሂድ ብሎ ላከውና እጄን ሊስም ጎንበስ አለ። እጄን ሰበሰብሁ።

«ይግቡ እንጂ የኔታ፣ ቤት ያፈራውን...»

«ቆሜ ልጠይቅህ። ዓርብ የት ተገናኘን?»

«ምን አሉኝ?»

«ከቤተ ክርስቲያን በር ተገናኝተን ወደ ይታያል ላኩኝ ብለሃል፤ በእውነት ዓርብ የት ተገናኘን?»

ዛሬ ጃንጥላ ስላልያዘ እጁን የሚያሳርፍበት አጣ። «ያው... ብንገናኝ ኖሮ እንዲሁ እንደሚሉ አውቃለሁ ብዬ ነው።»

«ብንገናኝ ኖሮ! ስለዚህ ሳንገናኝ ተናገርሁ! በማግሥቱስ በልጅህ ሞተር ላይ ብንገናኝ ኖሮ ምን እል ነበር?»

«እሱ ሌላ ነው። የእኛ ቤት ውስጥ ነው፤ በር ተዘግቶ። የይታያል መንገድ ዳር ነው፤ ያየውን ሰው ያሰናክላል።»

«ታዲያ ሚካኤልን ከውጭ አስቀርተህ ነዋ በሩን የዘጋኸው!»

«የኔታ፣ ይህ ሁሉ ቁጣ ለአንዲት አሻንጉሊት ነው?»

«አንተ ለአሻንጉሊት ዋሽተህ እኔ ለአሻንጉሊት አልቆጣም?»

ሁለት ነገር ጠየቅሁት። የተረፈችውን ኩሽኔታ ለይታያል እንዲሰጥ፤ በማኅበሩ ፊትም ቆሞ ያላልሁትን እንዳልሁ አድርጎ መናገሩን እንዲያምን። ኩሽኔታዋን የልጄ ናት ብሎ ከለከለ። ቃሉንም ለበዓሉ ክብር ተናግሬዋለሁ እንጂ አላጠፋሁም አለ። ለበዓሉ ክብር! የልጁን ባለጋራ ሞተር በመልአክ ስም አስሮ፣ የራሱን በስልክ መብራት አጥቦ፣ ክብር የምትለዋን ቃል ለመጥራት ምላሱ አልተያዘም።

ረቡዕ ዕለት የደብራችን ቄስ ገብረ ማርያም ሊያስታርቁን ሰበሰቡን። ቄስ ገብረ ማርያም ደግ ሰው ናቸው፤ ጠብ ሲያዩ እንደ ቁስል ያማቸዋል፤ ከዚህም የተነሣ ቁስሉን ሳያጥቡ መሸፈን ይወዳሉ። ደመላሽ ገና ነገሩ ሳይነገር ብድግ ብሎ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ፤ አንገቱን እንኳ አልሰበረም።

«ይኸውልህ ልጄ» አሉት ቄሱ ለይታያል፤ «ታላቅህ ተነሥቶልሃል። ለሚካኤል ብለህ ይቅር በል።»

«ይቅር ብያለሁ አባቴ። ኩሽኔታዋስ?»

«በእርቅ መካከል የዕቃ ነገር አይነሣም።»

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። «ለምን አይነሣም?» አልሁ። «ሽምግልና ከመቼ ወዲህ ነው ካሳን ነውር ያደረገው? የገደለውን በሬ ሥጋ እየጎረሰ ለባለ በሬው ይቅር በለኝ የሚል ሰው እኔ በጎጃም ምድር አላየሁም፤ ዛሬ ልታሳዩኝ ነው?»

«የኔታ፣ ነገር ባናከርር...» አሉ ቄሱ።

«ያከረረው የበደለው ነው። እኔ የከረረውን ነው የማሳያችሁ።»

ምርቃት ሳይደረግ ተነሣሁ። በሽምግልና ከተቀመጥሁበት ሳልመርቅ ስነሣ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ይታያል በቀሩት ቀናት የሚችለውን አደረገ። ሞተሯን በነጭ ጋዝ ዘፈዘፋት፤ ዘይት አጠጣት፤ መዞሩንስ ዞረች። ነገር ግን በዞረች ቁጥር ያ መንቋቋት አለ። «ላስነሣት እችላለሁ የኔታ፤ ግን የኩሽኔታው ስባሪ ወጥቶ ሲሊንደሯን ይጨርሰዋል። ለአንድ ቀን ሩጫ አልገድላትም» አለኝ። አዲስ አበባ ያለ ወዳጁ ኩሽኔታዋን ቢያፈላልግ ልኳ አልተገኘም።

ቅዳሜ ሜዳው በሰው ሞላ። ደመላሽ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ይታያል መኪናዋን ታቅፎ መጣና፣ ስሙ ሲጠራ ከመነሻው መስመር ላይ አስቀምጧት ቀጥ ብሎ ቆመ። እንዳላማው የእርሱን አስነሥቶ ከጎኑ አቆመ፤ ሞተሯ ትንጫጫለች።

«ምን ሆነህ ነው ይታያል? አስነሣት እንጂ!»

«አትነሣም።»

«አትቀልድ! ባለፈው ዓርብ አቧራ ያበላኸኝ በእሷ አይደል? ምን ነካት?»

«ዝገት። ሳላጥባት አደረች።»

«አንተ? አንተ ሞተር ሳታጥብ?»

«አባትህ ከልክሎኝ። የኔታ በሚካኤል ዋዜማ ብረት እንዳትነካ ብለዋል አለኝ፤ የኔታ ግን አላሉም።»

ልጁ መጀመሪያ ወደ እኔ ተመለከተ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ቀጥሎ ወደ አባቱ ዞረ። ከዚያ ከኪሱ ጨርቅ አውጥቶ ተንበረከከና የጭስ መውጫዋን፣ የማርሚታዋን፣ አፍ ደፈነው። ሞተሯ አንዴ አስላችና ሞተች።

«ምን እያደረግህ ነው?» ደመላሽ ከወንበሩ ተነሥቶ ጮኸ።

«አባባ፣ ዓርብ ማታ መብራት የያዝህልኝ እሱን ከልክለህ መጥተህ ነው?»

«አስነሣት ነው የምልህ! ሰው እያየን ነው!»

«ሰው ባያየን ይሻል ነበር?» አለና መኪናውን አንሥቶ ከመስመሩ ወጣ።

በመስመሩ ላይ የቀረችው የአማኑኤል ልጆች መኪና ብቻ ነበረች። ዳኛው ግራ ገብቶት ባንዲራውን አወረደ። ያች መኪና ብቻዋን እየተንገዳገደች፣ እያጨሰች፣ በመካከሉም አንድ ጎማዋ ሊወልቅ እየተወዛወዘ፣ የተባለውን ዙር ጨረሰች። የአማኑኤል ልጆች ከሣቃቸው ብዛት መሬት ላይ ተንከባለሉ። ዋንጫውን ተሸክመው በጭነት መኪና ላይ እየዘፈኑ ሄዱ።

አሁን ወደሚያስቆጣኝ ዋና ነገር ልምጣ። በማግሥቱ ከቅዳሴ ስወጣ ሰው ሁሉ ተቆጥቶ ጠበቀኝ። በማን? በእኔ! «የማርቆስን ዋንጫ ለአማኑኤል አስረከቡት የኔታ!» ይላል አንዱ። «የደመላሽን ስም በአደባባይ አስደፈሩት» ይላል ሌላው። ቄስ ገብረ ማርያም እንኳ ክንዴን ይዘው «በጓዳ ብንጨርሰው ኖሮ ይሻል ነበር» አሉኝ። «አባቴ፣ ነገሩ ሁሉ የተሠራው በጓዳ አይደለም እንዴ?» አልኋቸው። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የይታያል ሞተር ምን ሆነች ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው አልነበረም። በመልአኩ ስም መዋሸት ይቻላልን ብሎ የጠየቀም አልነበረም። ዋንጫው ብቻ!

እንዳላማው የተረፈችውን ኩሽኔታ ከአባቱ ሣጥን አውጥቶ ይዞ ሄዶ ነበር። ይታያል አልተቀበለውም። «አንተ ምን አጠፋህ? ያበላሸው ያምጣት» ብሎ መለሰው። ከልጅነቱ ጀምሮ የማውቀው «ግድ የለም» ሲል ነው፤ እንዲህ ሲል ስሰማው ደስ አለኝ። ሞተሯ ዛሬም ዘይት በጠጣ ጨርቅ ተጠቅልላ ከመደርደሪያው ላይ ናት።

የሐምሌ ሚካኤል የማኅበሩ ተራ የደረሰው ለደመላሽ ነበር። ድንኳን ጥሎ፣ ጠላ ጠምቆ፣ ዳቦ አስጋግሮ ሰውን ሁሉ ጠራ። ሰው ሁሉም ሄደ። እኔ ቤቴ ቀረሁ። ቆይቶ ዳቦው ሳይባረክ ሰው መቅመስ አይችልምና ይምጡልን የሚል መልእክተኛ ከሙሴው ዘንድ መጣ።

«ሂድና እንዲህ በለው» አልሁት፤ «በስሜ መናገር ይችልበታል፤ ዳቦውንም በስሜ ይባርከው።»

መልእክተኛው ይህን ለመናገር ፈርቶ ጥቂት ከደጄ ቆመ። እኔም ቃሉን ደግሜ ነገርሁትና በሩን ዘጋሁ።