የውሸት በሽተኛ

ለምያ ሰው ማመን ያቆመችው ወረቀቱን የፈረመች ዕለት ነው።

ሁለት አጥኚዎች ከአዲስ አበባ መጥተው መድኃኒት ቤቷ ገቡና አስረዷት። ጀርሙ መድኃኒቱን ለምዶታል፤ ዓለም በሙሉ ጨንቆታል፤ እኛም መመሪያ ልናወጣ ነው። ስለዚህ ቦንጋ ውስጥ የተመረጡት አምስት መድኃኒት ቤቶች አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ ይሸጡ አይሸጡ እንደሆነ መታወቅ አለበት። በምን ይታወቃል? በሽተኛ መስሎ የሚገባ ሰው ይላካል። መቼ? አይነገርም። ማን? እሱም አይነገርም።

"በሦስት ወር ውስጥ አንድ ቀን ይመጣል" አሏት። "አትስጊ፤ ስምሽ የትም አይጻፍም።"

ስሜ የማይጻፍ ከሆነ ምን ያስፈርመኛል? አለች በሆዷ። ግን ፈረመች። ባትፈርም የምትደብቀው ነገር አላት ይላሉ።

የምትፈራው ነገር ነበራት። አምና ከቁጥጥር መጥተው አንድ ማስጠንቀቂያ ጽፈውባታል፤ ያለ ማዘዣ ሸጠሻል ብለው። ሁለተኛ ከተገኘች በሩ ይታሸጋል። እናቷንና ራሷን የምታኖረው ደግሞ በዚያ በር ነው።

ከዚያ ወዲያ የገባው ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነ። የሚያስል ሰው ሲመጣ ከደረቱ ነው ከጉሮሮው እያለች ታዳምጣለች። የሚያነክስ ሲመጣ፣ ሲወጣም በዚያው እግሩ ማነከሱን በመስኮት ታያለች። አንድ ሽማግሌ ጉንጫቸውን ይዘው ቢገቡ፣ "እስቲ አፍዎን ይክፈቱ" አለቻቸው። ከፈቱ። ጥርሱ የእውነት በስብሷል። ይቅርታ አልጠየቀቻቸውም፤ ማስታገሻ ሰጥታ ሸኘቻቸው።

"አንቺ እኮ ሬሳ ቢያመጡልሽ ትንፋሹን ሳትፈትሺ አታምኚም" ይላታል ታላቅ ወንድሟ ሬድዋን። እሱ ገበያው ጋ ማርና ቡና ይነግዳል። "እባብ ያየ በልጥ በረየ ማለት አንቺ ነሽ።"

"አንተን የሚያሽግህ የለማ" ትለዋለች።

ሐሙስ ጠዋት፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ አንድ ሰው ገባ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ቢሆነው ነው። ቦቲ ጫማው እስከ ጉልበቱ ጭቃ፤ ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞታል።

"አሞክሳሲሊን ነበር የፈለግኩት" አለ። "የሚሟሟውን። ባለ ሁለት መቶ ሃምሳ ሚሊግራሙን። ለሁለት ዓመት ልጅ ነው።"

ለምያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ከገጠር የመጣ ሰው እንዲህ አይጠይቅም። "ጥቁርና ቀዩን" ነው የሚለው። ወይ "ያንን ባለፈው የሰጠሽኝን" ይላል። ወይ ከኪሱ ያለቀ ማሸጊያ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ጣል ያደርጋል። በስምንት ዓመት ሥራዋ ሚሊግራም የጠራ ባለ ቦቲ አላየችም።

"ልጁ የታለ?"

"ቤት ነው፤ እናቱ ጋር።"

"ምን ሆነ?"

"ያስለዋል፣ ያተኩሰዋል። ትንፋሹን ቆጠርኩት፤ በደቂቃ ሃምሳ ስድስት ነው።"

"ቆጠርኩት? በምን?"

"በዚህ" ብሎ አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልክ አሳያት። የአውራ ጣቱ ጥፍር የለም። ለጥፍሩ እንኳ ተጠንቅቀዋል፣ የእውነት ገበሬ ነው ያመጡት፣ አለች በሆዷ።

"ማዘዣህን አምጣ።"

"የለኝም። ጤና ኬላችን መድኃኒት ካለቀ አራት ወሩ ነው። ያመጣ የነበረው ፕሮጀክት በጀቱ ተቋርጦ ሄደ። አራቱ መድኃኒት ቤት ጋ ዞሬ ነው አንቺ ጋ የመጣሁት፤ ሁሉም እምቢ አሉኝ።"

አምስቱንም እየዞረ! ደግሞ ሁሉም ነገር ልክ ነው፤ ያስጠላትም ልክነቱ ነው። የልጁ ዕድሜ፣ ሕመሙ፣ ያለቀው መድኃኒት፣ ልጁ አብሮ አለመምጣቱ፤ አንድ ሰው ቢሮ ቁጭ ብሎ የጻፈው ነው የሚመስለው።

"ሆስፒታል አምጣዋ።"

"በእግር ሦስት ሰዓት ነው፣ እህቴ። በዚህ ዝናብ ይዤው ብወጣ ይብስበታል። ዛሬ ልስጠውና ነገ አመጣዋለሁ። የሁለት ቀኑን ብቻ ስጪኝ።"

"ጎበዝ" አለች ለምያ። "በደንብ አሠልጥነውሃል።"

"አዎ፣ አሠልጥነውናል" አለ ሰውየው።

ለምያ ሳቀች። በአፉ አመነ! "በል፣ ለላኩህ ሰዎች ንገራቸው። ለምያ ያለ ማዘዣ አትሸጥም።"

ሰውየው ግራ ተጋብቶ አያት። "እኔን የላከችኝ ሚስቴ ናት።"

"ለሚስትህም ንገራት።"

ሰውየው መደርደሪያውን አየ፤ መድኃኒቱ እዚያው ከፊቱ አለ። ከዚያ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

ለምያ ደብተሯን አውጥታ ጻፈች፤ ሐሙስ፣ አራት ሰዓት ከሃያ፣ መጣ፣ አልሸጥኩም። ከሁለት ወር ወዲህ ደረቷ ቀለል ሲላት የመጀመሪያዋ ነው።

ሬድዋን የእናታቸውን ምሳ ይዞ ሲመጣ ገና ሳይቀመጥ፣ "ያዝኩት!" አለችው። ሁሉንም ነገረችው፤ ሚሊግራሙን፣ ቆጠራውን፣ ሚስቴ ናት ያለውን። ሬድዋን መጀመሪያ ይስቅ ነበር። ከዚያ ሳቁን ተወ።

"ቦቲ ያደረገ ነው?"

"አዎ።"

"ጥፍር የሌለው? አውራ ጣቱ?"

"አንተ እንዴት አወቅክ?"

"ለሚ፣ ዓለሙ ነው እኮ! ስድስት ዓመት ማር የገዛሁት ዓለሙ! ቤቱ ከማንኪራ ወዲያ ነው። ጠዋት ሁለት ባልዲ ማር ጣለልኝና 'ልጄ ታሟል፣ ስመለስ እንነጋገራለን' ብሎ ሮጠ። አልተመለሰም።"

"ታዲያ ሚሊግራሙን ከየት አመጣው?"

"ከፕሮጀክቱ ነዋ! አምና ወላጁን ሁሉ ሰብስበው ሲያስተምሩ ነበር። መድኃኒት በቀለም አትጥሩ፣ በስሙ ጥሩ፤ ትንፋሽ ቁጠሩ። እኔ ማሩን ስመዝን የእነ ዓለሙ ወሬ ይሄ ነበር።"

ሬድዋን አልጨረሰም።

"የውሸቷ በሽተኛ ደግሞ ማክሰኞ ነው የመጣችው።"

"የቷ?"

"ያቺ ሻርፕሽን ስታደንቅልሽ የነበረችው። ስሜ ሀኪማ ነው ያለችሽ። ምሳ አድርሼልሽ ስወጣ አየኋት፤ ከአንቺ ወጥታ ቀጣዩ መድኃኒት ቤት ገባች፤ ከዚያም ወጥታ ሌላው ጋ። በየመሃሉ ጥግ ይዛ ትጽፋለች። ነጋዴ መስላኝ ነበር።"

ሀኪማ። ከጅማ ለሠርግ የመጣች፤ አነጋገሯ የእነ ለምያ ወገን፤ ሽንቷን እንደሚያቃጥላትና ለወንድ ሐኪም መናገር እንዳፈረች በጆሮዋ ያንሾካሾከችላት። ለምያ ማዘዣ አለሽ ወይ እንኳ አላለቻትም። ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ አሥር ፍሬ ጠቅልላ ሰጠቻት፤ "ውሃ አብዢ፣ እህቴ" ብላ መከረቻት።

አፏን አላስከፈተቻትም፤ እግሯንም አላየችም። ሻርፗን እንደ እሷው ስለጠመጠመች አመነቻት። ባለ ጭቃውን አላመነችም።

"በቃ፣ ይታሸጋል" አለች።

"እሱን ነገ ታለቅሺዋለሽ" አለ ሬድዋን። "ልጁስ?"

የሚሟሟውን ከመደርደሪያው አወረደች። በሩን ዘጋች።

ሬድዋን ሞተሩን ያዘ፣ እሷ ከኋላ። አስፋልቱ ሲያልቅ ጭቃው ጀመረ። ሁለቴ ወርዳ ገፋች። የዓለሙ ስልክ አይሠራም። ሬድዋን አንዴ ሊቀልድ ሞከረና ፊቷን በመስታወቱ አይቶ ተወው።

ዓለሙ ገና መግባቱ ነበር፤ ቦቲውን አላወለቀም። ሞተሩን ሲሰማ ወጣ፤ ሬድዋንን አይቶ ፈገግ ሊል ሲል ከኋላ እሷን አያት። በሩ ላይ ቆመ።

"እኔ ምንም አላጠፋሁም" አለ። "ጠየቅኩ፣ ከለከልሽኝ፣ ወጣሁ። አሁን ደግሞ አንቺን ማን ላከሽ?"

"መድኃኒቱን ይዤልህ ነው።"

ፀዳለ ልጁን ደረቷ ላይ ታቅፋ ከጀርባው ወጣች። ሚስቱ ናት፤ ቀጭን፣ እንቅልፍ ያጣች። ከባሏ ጋር በካፍኛ ሁለት ሦስት ቃል ተነጋገሩ። ለምያ ቦንጋ ስላደገች ገባት፤ 'ይቺ ናት?' ነው ያለችው።

"ጠዋት በብር አልሸጥም ያለች ሴትዮ" አለች ፀዳለ በአማርኛ፣ እንድትሰማት፣ "ከሰዓት በነፃ ይዛ መጣች? በዚህ ዝናብ? ዓለሙ፣ አንተን ይሄ አይገርምህም?"

"ልጁን ልየው።"

"ጥናት ነው? ከጣታችን ደም ወስደው፣ ውጤቱን እናመጣለን ብለው የሄዱት እስከ ዛሬ እየመጡ ነው። አሁን ደግሞ በልጄ ልትሞክሩ ነው?"

"ባልሽ የውሸት በሽተኛ መስሎኝ ነው" አለች ለምያ።

"የውሸት በሽተኛ ምንድን ነው?"

ነገረቻት። ያልታመመ ሰው ይልካሉ፤ መድኃኒት ስጡኝ ይላል፤ ማን እንደሰጠው ይጽፋል። ሰውየው ይከፈለዋል።

"ላልታመመው ይከፍላሉ?"

"አዎ።"

"ለታመመውስ?"

ሬድዋን መሬት መሬቱን አየ። ለምያ ሰዓቷን አወጣች። የልጁን ልብስ ገለጠች። የአፍንጫው ቀዳዳ ይከፈታል ይከደናል፤ በተነፈሰ ቁጥር ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ትንፋሹን ቆጠረች፤ ስድሳ አራት።

"ስሙ ማን ነው?"

"በእምነት" አለ ዓለሙ።

"ይሄ ኪኒን ብቻ አይበቃውም። የመጀመሪያውን አሁን እንስጠውና ሆስፒታል ይሂድ። ኦክስጅን ያስፈልገዋል።"

"መጀመሪያ አንቺ ጠጪ" አለች ፀዳለ።

"አንቺ ሴት" አለ ሬድዋን፣ "እህቴ ይሄን ማምጣቷ ቢታወቅ ሱቋ ይታሸጋል። ለምን እንደመጣች…"

"እኔ ሱቋን መች ጠየቅኩ። ትጠጣ አልኩ።"

ዓለሙ የፈላ ውሃ በጣሳ አመጣ። ለምያ ከማሸጊያው አንዱን ፀዳለ ራሷ እንድትመርጥ ሰጠቻት። ሟሟ። ጠጣችው። ፀዳለ ዓይኗን ከለምያ ጉሮሮ አልነቀለችም። ከዚያ "ቆዪ" አለች፤ ጠበቁ። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ያቃስታል። ለምያ ልትጮህባት ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። እሷ ራሷ የገባውን ሁሉ ስትጠረጥር የከረመች ሴት ናት። ሲጠረጥሯት ምን ልትል ነው?

"እሺ" አለች ፀዳለ በመጨረሻ።

ሁለት ኪኒን አሟሙተው በማንኪያ ቀስ እያሉ ሰጡት። ለምያ ሰዓቱን አየች፤ ስምንት ሰዓት ከሩብ።

ሞተሩ ላይ ሬድዋን ከፊት፣ ፀዳለ ልጁን አቅፋ መሃል፣ ለምያ ከኋላ ላስቲክ ዘርግታ ሸፈነቻቸው። ዓለሙ በእግሩ ተከተለ። እስኪታጠፉ ድረስ ሲሮጥ ይታይ ነበር።

ሆስፒታሉ ሲደርሱ ጊዜ አላጠፉም፤ ልጁ ወዲያው አልጋ አገኘ፣ የኦክስጅኑ ቱቦ አፍንጫው ላይ ተደረገለት። ወጣት ሐኪም ካርዱን ይዞ መጣ።

"እዚህ ከመምጣቱ በፊት መድኃኒት ተሰጥቶታል?"

"ምንም" አለች ፀዳለ፣ ቶሎ። "ማንም ምንም አልሰጠውም።"

ይህን ብላ ለምያን አላየቻትም። ሬድዋን ግን አያት፤ በቃ ዝም በይ የሚል አስተያየት ነው።

ዝም ማለት ቀላል ነበር። ማክሰኞ የሸጠችው ሊታለፍላት ይችላል፤ ስም አይጻፍም ብለዋታል። ይሄኛው ግን በስሟ ነው የሚጻፈው፣ በካርድ ላይ፣ በማኅተም። ሐኪሙ መርፌ ለማዘዝ ካርዱ ላይ አጎነበሰ።

"ተሰጥቶታል" አለች ለምያ። "አሞክሳሲሊን፣ አምስት መቶ ሚሊግራም፣ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ። ግማሽ ማንኪያ ያህል ተፍቷል።"

"ማን አዘዘው?"

"ማንም።"

"ማን ሰጠው?"

"እኔ። ለምያ እባላለሁ። መነኻሪያው ፊት ለፊት ያለው መድኃኒት ቤት የኔ ነው።"

ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት። መጻፍ ጀመረ፤ ብዙ ጻፈ። ለምያ ከወዲህ በኩል አንገቷን አስግጋ ልታነብ ሞከረች። የሐኪም ጽሕፈት ስታነብ ስምንት ዓመት የኖረች ሴት ይሄን ማንበብ አቃታት። ለልጁ ይጻፍ ስለ እሷ ይጻፍ አልለየችም።

ሐኪሙ ሲሄድ ፀዳለ ዞረች።

"ለምን ነገርሽው?"

"መርፌውን ሲያዝ ማወቅ አለበት።"

"ሱቅሽስ?"

"እንጃ።"

ፀዳለ ልጇን አየች። የጎድኑ ሥር አሁንም ይሰረጉዳል፤ ግን እንደ ቅድሙ አይደለም፣ ወይም ለለምያ እንደዚያ መሰላት። ፀዳለ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። ለምያ ተቀመጠች።

"ሞኝ ነሽ" አለች ፀዳለ። ከዚያ የለምያን አንጓ ያዘች፣ ጠበቅ አድርጋ። "ልጄ ዓይኑን እስኪገልጥ ግን የትም አትሄጂም።"