የተደፈነችው ጀሪካን

እናትነሽ ቆሻሻ ታውቃለች። ለወሬ ያህል አይደለም፤ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ከተማ ስድስት ዓመት ሙሉ ከየሰፈሩ ክምር ፕላስቲክ ስትለቅም፣ የተቀደደ ጀሪካን በጋለ ቢላ እያቀለጠች ስትደፍን የኖረች ሴት ናት። የባለጸጎቹ ሰፈር ቆሻሻ መርፌና የተሰበረ አምፖል አለበት፤ የገበያው ደግሞ የባትሪ ድንጋይና የቀለም ጣሳ ነው። የቱ በእጅ፣ የቱ በእንጨት እንደሚነካ ከእሷ ወዲያ የሚያውቅ የለም።

ዘንድሮ ባሏ ያረጋል ለሰሊጥ አረም ባሱንዳ ወደሚባለው የእርሻ አገር ሲወርድ ተከትላው ሄደች። ከሰፈሩ ዳር ያለውን ክምር ስታይ ሳቋ መጣ። ገለባ፣ አመድ፣ የተቀደደ ጆንያ! መርፌ የለ፣ ባትሪ የለ።

«ይኼም ቆሻሻ ተብሎ!» አለች።

ከላዩ ላይ አንዲት ነጭ ጀሪካን ተጥላለች። ወረቀቷ ተልጧል፤ ከሥሯ ትንሽ ተበስታለች እንጂ አዲስ ናት። ምን ያለው ጅል ነው እንዲህ ያለ ዕቃ የሚጥለው! ወስዳ ሦስት ጊዜ በሳሙና አጠበቻት፣ ቢላዋን አግላ ደፈነቻት። ጠብ የሚል ነገር የለም። በማግስቱ ያረጋል ውሃ ሞልቶባት ወደ እርሻው ሄደ።

ረፋድ ላይ እናትነሽ ጨው ልትገዛ እትዬ ዘሐራ ሱቅ ገባች። ዘሐራ ባሱንዳ ሲነግዱ ያረጁ ሴት ናቸው። ስለ ጀሪካኗ በኩራት ስታወራላቸው የያዙትን ጨው አስቀመጡት።

«ከሥሯ ተበስታ ነበር?»

«አዎ፣ በምስማር። ደፈንኳት እኮ!»

«ያ ረቢ! አንቺ ልጅ፣ የአረም መድኃኒት የነበረባት ናት። ሰው ውሃ እንዳይጠጣባት ብለን እኮ ነው የምንበሳት!»

እናትነሽ ጨውም አላለች፣ ሮጠች። ጭቃው ጫማዋን አስቀረባት፤ ዞራም አላየችው። «በእጄ! በገዛ እጄ!» እያለች ነው የምትሮጠው።

አራሚዎቹ ዛፍ ሥር ለዕረፍት ተቀምጠዋል። ያረጋል ጀሪካኗን አንስቶ ወደ አፉ ሲያስጠጋ ደረሰችና ከእጁ ነጠቀችው።

«ጠጣህ? ንገረኝ፣ ጠጣህ?»

«ምን ሆነሻል አንቺ ሴት? እንደ ልማዴ አፌን ተጉመጥምጬ ተፋሁ፣ ሌላ ምን አደረግሁ! ጎመዘዘኝ ደግሞ፤ ሳሙናውን ሳታለቀልቂው ቀርተሻል ብዬ ነበር።»

«ሌሎቹስ?»

«ተራቸው መቼ ደረሰ?»

ጭቃው ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች። እያለቀሰች ነገረቻቸው። ከአራሚዎቹ አንዱ የራሱን ኮዳ አቀበለውና ያረጋል አፉን ደጋግሞ ታጠበ።

እሷ ተነስታ ውሃውን ደፋችው። ቢላ ተቀብላ የደፈነችው ቦታ ላይ ወጋች። አልበሳ አላት። ደግማ ወጋች፤ ቢላው ተንሸራተተ። አጥብቃ ነበር የደፈነችው። ሦስተኛ ሞክራ ሲያቅታት ጀሪካኗን ገለበጠችና በሌላ በኩል በሳቻት።