ድምፁ ቆሟል

ባሌን ከነነፍሱ ያሸጉት አርብ በምሳ ሰዓት ነው። እኔ ያን ጊዜ ምኑንም አላወቅሁም፤ የስኳር መርፌውን ረስቶ ስለሄደ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን እየተነጫነጭኩ ነበር።

ሰፈሩ ጋሼ መዶሻ ይለዋል። በርና መስኮት ይበይዳል። ዕድሜ ልኩን ብረት ሲቆርጥና ሲቀጠቅጥ ኖሮ ጆሮው ድፍን ብሏል። ስንጣላ ይመቸዋል፤ ጀርባውን ከሰጠኝ ጠቡ አለቀ። ስልክማ አይዝም፣ ምን ሊሰማበት!

የሚሠራው አንድ ፎቅ ሥር ባለች መስኮት የሌላት የኮንክሪት ክፍል ውስጥ ነው። በሩን የሠራው ራሱ ነው። «ይህን በር ታንክም አይገፋው» እያለ ይጎርርበታል። ምሳውን ከቀመሰ በኋላ በሩን ገርበብ አድርጎ ከላሜራዎቹ ጀርባ ጋደም ማለት ይወዳል።

ከላይ የምትኖረው ጡረተኛ መምህርት በድምፁ ከሰሰችው። አልፈርድባትም፣ እኔም ብሆን እከስ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ አስጠነቀቀው፤ እሱ ደግሞ ሰድቦ መለሳቸው። በመጨረሻ ደንብ አስከባሪዎቹ ማሽኑ ዝም የሚልበትን ሰዓት መርጠው፣ ያለ ጭቅጭቅ ሊያሽጉ መጡ።

እነሱ ዘንድ አሠራር አለ። በሩ ላይ ቆመው፣ ምስክር አቁመው፣ ሦስት ጊዜ «ሰው አለ?» ብለው ይጣራሉ። መልስ ከሌለ ሰው የለም ማለት ነው። ገብተው አያዩም፤ ኋላ ዕቃ ጠፋ እንዳይባሉ ይፈራሉ። አርብም እንደዚያው አደረጉ። መብራቱን ከቆጣሪው ቆረጡ፣ በሩን ከውጭ ቆለፉ፣ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ለጥፈው ሄዱ። ብረት መቁረጫው ውስጥ ነበር፤ ያለ መብራት ምን ይሠራል?

ማታ ሳይመጣ ሲቀርብኝ ወደ መሥሪያው ሮጥኩ። ውስጡ ጭጭ ብሏል፤ እሽጉን ሳይ «ምላሱ አሳሰረው» አልኩ። መርፌውን በቦርሳዬ ይዤ ቅዳሜን ከጣቢያ ጣቢያ ስዞር ዋልኩ። ሁሉም የለም አሉኝ። ማዘጋጃ ቤት ብሄድ ዘበኛው፣ «እናቴ፣ ዛሬ ሰው የለም፤ ሰኞ ይምጡ» አለኝ።

እሑድ ግራ ቢገባኝ ወደ በሩ ተመለስኩ። በስሙ ተጣራሁ። የሚገርመው ይሄ ነው፤ ስንት ዓመት አብሬው ኖሬ፣ እንደማይሰማ እያወቅሁ፣ እንደነሱው ቆሜ ተጣራሁ። ዝም ሲል የለም ብዬ ሄድኩ። እሽግ መቅደድ ያሳስራል። ምነው ቀድጄው በታሰርኩ!

ሰኞ ጠዋት ማዘጋጃ ቤት ሄጄ አቤት ብል፣ ካሸጉት ደንብ አስከባሪዎች አንዱ፣ ልጅ እግሩ፣ መጥቶ ከፈተ። ባሌ በሩ ሥር ተኝቷል፤ መዶሻው አጠገቡ ወድቋል። በሩ ከውስጥ በኩል ከላይ እስከ ታች ሰርጉዷል። ግን አልተከፈተም።

ልጁ፣ «ሦስት ጊዜ ተጣርተናል፣ እናቴ። ምስክርም አለን» አለኝ።

«ማንን ነው የተጣራችሁት? ድምፁ የጎረቤት ጆሮ ጎዳ ብላችሁ አይደል የመጣችሁት? ከማሽኑ ሥር ውሎ የሚያድረው የእሱ ጆሮ ተርፎ ኖሯል?»

ቆቡን አውልቆ መሬት መሬቱን ያያል። በጥፊ ልለው እጄን አንስቼ አቅም አነሰኝ፤ ባሌ አጠገብ ተቀመጥኩና ፊቱን በነጠላዬ ጠረግሁ።

መምህርቷ የደረጃውን ብረት ይዛ ቀስ እያለች ወረደች። ስታየው እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ሲቀጠቅጥ ነበር» አለች። «እሽጉን ጥሶ ይሠራል ብዬ ለደንብ አስከባሪዎቹ ደወልኩላቸው። ተረኛው ሲመጣ ዝም ብሎ ነበር። እሽጉን አየና፣ አልተነካም፣ ድምፁ ከሌላ ቦታ ይሆናል ብሎኝ ሄደ።»

«ከዚያስ?» አልኳት።

«ከዚያማ ማታውን እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ። እሑድ ራሳቸው ደወሉልኝ። ድምፁ ቆመ ወይ አሉኝ።» አፏን በእጇ ያዘች። «ቆሟል፣ እግዜር ይስጣችሁ አልኳቸው።»