ሱቃችን ላይ ያለችው ባዝራ

ከባሌ ጋር ከተኳረፍን ሦስት ሳምንት ሆኖን ነበር። ጥፋቱ የሱ ነው፤ ደንበኛ ፊት «እሷ ምን ታውቃለች!» አለኝ። እኔን! እሱ ይለካል እንጂ የምሰፋው እኔ ነኝ። ጨርቄን ማቄን ሳልል እህቴ ቤት ገባሁ። አንድ ቀን ጠዋት የስፌት መኪናዬን ልወስድ ወደ ሱቃችን መጣሁ። መኪናው ከወጣ እኔም እንደማልመለስ ሁለታችንም እናውቃለን።

ደጃፉ ላይ ስደርስ ደርቄ ቀረሁ። አዲስ ማስታወቂያ ተሰቅሏል። በላቲን ፊደል «MARE»፣ ማሬ ይላል፤ ከጎኑ አንዲት ግዙፍ ባዝራ ባሕሩ ዳር ቆማ ታገጣለች።

«ይቺ እኔ ነኝ?» አልኩ።

ባሌ መሰላል ላይ ሆኖ ጅራቷን ሊያጠፋ በጨርቅ ይፈትጋል፤ ላብ በላብ ሆኗል። ማስታወቂያውን የሠራው ቀለም ቀቢ ከታች ሆኖ፣ «እትዬ፣ እኔ ያለ ሥዕል አልሠራም» አለኝ። «ጋሼን ምን ማለት ነው ብላቸው አፈሩ፤ ጎረቤት ጠየቅኩ።»

መምህሩ በእንግሊዝኛ ባዝራ ነው አሉት። ፋርማሲስቷ በጣልያንኛ ባሕር ነው አለች። ሩማንያ የተማረው መሐንዲስ ደግሞ «ትልቅ» ማለት ነው ብሎ ድርቅ አለ። ቃሎቹ ፊደል ገጠማቸው እንጂ ዝምድና የላቸውም አሉ። ቀለም ቀቢው ማንንም ላለማስቀየም ሦስቱንም ሳላቸዋ!

ሳቄን ዋጥኩት። «በላቲን ያስጻፍከው ለምንድን ነው?»

«በኛ ፊደል ከሆነ ሰው ይገባዋል» አለ፣ ወደ ጅራቱ ዞሮ።

በተጋባን ሰሞን «ማሬ» እያለ ይጠራኝ ነበር፤ በር ተዘግቶ፣ በሹክሹክታ። ኋላ «አንቺ» ሆንኩ፤ «ስሚ» ሆንኩ። ሰው ፊት ደግሞ «እሷ»። ናፍቆኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

«አንብበው» አልኩት።

«እዚህ? ሰው እያየ?»

«የሰደብከኝስ ሰው እያየ አይደል?»

ሦስቱ ሊቃውንት በየደጃቸው ቆመው ጆሯቸውን አቁመዋል። ባሌ አንድ ነገር አጉረመረመ። አልሰማሁም አልኩና ገብቼ መኪናዬን ታቀፍኩ።

«ማሬ!» ብሎ ጮኸ። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየው። ፊቱ ቲማቲም መሰለ፤ ግን ደገመው፤ «ማሬ፣ አትሂጂብኝ!»

መኪናውን ቦታው መለስኩት። እንባዬን በእጅጌዬ ጠረግኩና ወጣሁ።

«ባዝራዋን ተዋት፣ ምን አደረገችህ» አልኩት። «ይልቅ ከሥሯ በኛ ፊደል አስጽፈው።»