የጋሽ ሹካ ላ

ጋሽ ሹካ እውነተኛ ስማቸው ሌላ ነው፤ እሱን የሚያውቀው ግን የጡረታ ቢሮው ብቻ ነው። ቫዮሊን ሲያስተምሩ በኖሩበት ዘመን ሁሉ ከደረት ኪሳቸው አንዲት ባለ ሁለት ጣት ብረት ጠፍታ አታውቅም። ጉልበታቸው ላይ መታ አድርገው ወደ ጆሯቸው ሲያስጠጓት «ላ» ትላለች፤ ከላ ሌላ ቃል አታውቅም። ተማሪዎቹ ይህችን መቃኛ አዩና ስም አወጡላቸው። እሳቸውም አልተቀየሙም። ሹካዋን የሚይዟት ቫዮሊን ለመቃኘት ሳይሆን ሹካዋ እንዳልተሳሳተች ለማጣራት ነው እየተባለም ይቀለድባቸው ነበር። ይህኛው ቀልድ አልነበረም።

ጆሯቸው እንዲያ ነበር። የጎረቤት በር ሲያቃስት «ፋ» ይላሉ። ማንቆርቆሪያ ሲያፏጭ «ሶል፣ ትንሽ የጎደላት» ይላሉ። ባለቤታቸው በሕይወት ሳለች ከጓዳ ስትጣራ፣ ገና ሳይነሡ፣ «ዛሬ በሚ ነው የጠራሽኝ፤ ምን አጠፋሁ?» ይሏት ነበር።

ጡረታ በወጡ በጥቂት ወር ውስጥ፣ አንድ ጠዋት እንደ ልማዳቸው ሹካዋን መታ አደረጓት። «ሲ ቤሞል» አለች። ይህች ከላ በግማሽ ድምፅ ከፍ የምትል ሌላ ድምፅ ናት። ጋሽ ሹካ ሹካዋን በመሐረብ ጠረጉና ደገሙ። ሲ ቤሞል። ወደ ገዙበት ሱቅ ይዘዋት ሄዱ።

«ተበላሽታለች» አሉት ባለሱቁን።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ብረት ነው። ምኑ ይበላሻል?»

«ብረት አይዝግም?»

«ይዝጋል። ግን ዝጎ ሐሳቡን አይቀይርም።»

አዲስ ገዙ። አዲሷም ከአሮጊቷ ጋር ተመካክራ የመጣች ይመስል ሲ ቤሞል አለች። የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ በትንሽ ክፍል ውስጥ ዘግቶ ከመረመራቸው በኋላ መስማታቸው የወጣት ነው አላቸው።

«መስማቱንስ እሰማለሁ» አሉ ጋሽ ሹካ። «የምሰማው ነው ውሸት የሆነው።»

«እሱን እዚህ አንለካም» አለ ሐኪሙ።

ኋላ ላይ አንብበው ደረሱበት። እንደሳቸው ያለ፣ ድምፅን ያለ አጋዥ በስሙ የሚጠራ ጆሮ፣ ሲያረጅ ዓለሙ ሁሉ በግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ ይሰማዋል። መድኃኒትም የለው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ይህ የሚባለው ሐሜቱ ዞሮ ዞሮ ለሚታማው ሰው መጨረሻ ላይ ስለሚደርስ ነው። በጋሽ ሹካ ግን ተረቱ ቃል በቃል ደረሰባቸው።

ለማንም አልተናገሩም። ለልጃቸውማ ጨርሶ። ልጃቸው ስሟ የተጠራ ቫዮሊን ተጫዋች ናት፤ ይሁንና እሳቸው «ልክ ነው» ካላሏት ልክ የሆነ አይመስላትም። ባሏንም እንኳ ያገባችው «ድምፁ አይከፋም» ካሉ በኋላ ነው። ልጄ ከአባትነቴ ውስጥ የምትፈልገው ይህችን ጆሮ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ጆሮዋ ከሄደች የሚቀረው አንድ ጡረተኛ ነው፤ ጡረተኛ ደግሞ በየአግዳሚ ወንበሩ ሞልቷል።

አንድ ቀን ልጃቸው መጣች።

«አባዬ፣ ሶናታዎቹን ልንቀርጽ ነው። ወረቀቱን ይዘህ ቁጭ ብለህ እንድትሰማልኝ ፈልጌ ነበር።»

የትኞቹን እንደሆነ ያውቃሉ። ከሞተ ዘመናት ያለፉት አንድ የቤተ ክርስቲያን ሙዚቀኛ ለጸሎት ብሎ የደረሳቸው ናቸው፤ ለቫዮሊንና ለትንሽ ኦርጋን። ሰውዬው የቫዮሊኑን ገመዶች እንደ ወጉ አልተዋቸውም። ለእያንዳንዱ ጸሎት አንዱን ወጥሮ፣ ሌላውን አላልቶ፣ የየራሱ ቅኝት ሰጥቶታል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ሬ ተጽፏል፤ የተጫዋቿ ጣት የሬ ቦታ ላይ ያርፋል፤ የሚወጣው ግን ፋ ነው። ጋሽ ሹካ ድሮ ይህን ሙዚቃ ባነሱባቸው ቁጥር «ቫዮሊን እንደሆን ያለ አስተማሪም ይዋሻል» እያሉ ያልፉት ነበር። ልጃቸው ለክርክር ተዘጋጅታ ነው የመጣችው።

«እሺ» አሏት።

«እሺ?»

«እሺ አልኩሽ እኮ።»

ያሰቡት ሌላ ነው። ወረቀቱ የሚዋሽ፣ ገመዱም የሚዋሽ ከሆነ፣ መሃል ላይ አንድ ጆሮ ቢዋሽ ማን ያውቅበታል? ከዚህ የተሻለ መደበቂያ ከየት ይገኛል?

ቀረጻው በአንድ አሮጌ የጸሎት አዳራሽ ውስጥ ነበር። አግዳሚዎቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተዋል። አማቻቸው ድምፅ ቀጂ ነው፤ የዕቃ ማስቀመጫዋን ክፍል በብርድ ልብስ ሸፍኖ ከነመሣሪያው እዚያ መሽጓል። በዋናው በር ላይ በትልቁ «ቅኝት ላይ ነን፤ አይግቡ» ብሎ ለጥፏል። ይህ ወረቀት የአዳራሹን ጥበቃ ክፉኛ አስቆጣው።

«ቅኝት ላይ ያለሁት እኔ ነኝ!» አለ የቁልፍ ዘለላውን እያንሿሿ። «ግቢውን ስዞር የምውለው እኔ። እነሱ ተቀምጠው ነው የሚውሉት።»

«ያንተ ቅኝት በእግር ነው» አሉት ጋሽ ሹካ። «የኛ በጆሮ።»

«በጆሮማ ከሆነ ሌባ አይያዝም» አለ ጥበቃው፤ በዚሁ ተግባቡ።

በመጀመሪያው ቀን ኦርጋን ተጫዋቿ፣ አንዲት ዝምተኛ ሴት፣ ለመቃኛ እንድትሆን ላን ነካቻት። ጋሽ ሹካ ወረቀታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሲ ቤሞልን ሊሰሙ፣ ሰምተውም እንዳልሰሙ ሊሆኑ ፊታቸውን አዘጋጅተዋል።

ላ አለች።

«እስቲ ድገሚልኝ» አሉ።

ላ።

«አንዴ ደግሞ።»

ላ ናት። ጥርት ያለች፣ ያቺው የጥንቷ ላ። ወረቀቱን ተከትለው ሲሰሙ የቫዮሊኑ መስመር እንደተባለው ይዋሻል፤ የኦርጋኑ መስመር ግን የተጻፈውና የሚሰማው አንድ ነው። ጆሯቸው ተመልሷል።

ልጃቸው ቫዮሊኗን እንደያዘች አፏን ከፍታ ታያቸው ነበር። «ምነው አባዬ?»

«ምንም። ላ ናት።»

«ላ ናት?»

«ላ ካልሆነች ምን ትሁን?»

ባሏን በበሩ ስንጥቅ አየችው። እሱም አያት። «እሺ» አለች ቀስ ብላ። «ላ ናት።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት የጋሽ ሹካ ሠርግ ነበሩ። ከሁሉ ቀድመው ይመጣሉ፤ ከሁሉ ኋላ ይወጣሉ። ልጃቸው አንዱን ጸሎት ጨርሳ ቀና ስትል «ግሩም ነው» ይላሉ። ሌላውን ስትጨርስም «ግሩም ነው»። ቤታቸው ሲገቡ ሬዲዮ አይከፍቱም። ሹካዋን መሳቢያ ውስጥ አስገብተው ካልሲ ደርበውባታል። የዳነ ሰው መድኃኒት ምን ያስቀምሰዋል? ለምን ዳንኩ ብሎም የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠየቀው ለምን ታመምኩ ነው።

የመጨረሻው ጸሎት ቀን ደረሰ። ቅኝቱ ከሁሉ አስቸጋሪ ነው። ገመዶቹ ከበግ አንጀት የተሠሩ ናቸው፤ አንጀት ደግሞ ከለመደበት ሲያነሡት ቶሎ አይቆርጥለትም፤ ሲወጥሩት ተመልሶ ይላላል። ልጃቸው እየቃኘች፣ እየጠበቀች፣ እንደገና እየቃኘች ሳለ ጋሽ ሹካ ወጥተው ከጥበቃው ጎን ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እንዳይቀየሙኝ።»

«ጠይቅ።»

«መቼ ነው የሚጮኹት?»

«ማን?»

«እርስዎ።»

«እኔ ምን ቆርጦኝ እጮኻለሁ?»

«ልጅዎ ናት ያለችኝ። ገና በመጀመሪያው ቀን፣ እርስዎ ሳይመጡ፣ ‹አባቴ ድምፁን እንደሰማ «ዝቅ ብሏል!» ብሎ ይጮኻል፤ ጠብ መስሎህ ሮጠህ እንዳትገባ› አለችኝ። ይኸው ስጠብቅ ስጠብቅ ልትጨርሱ ነው።»

«ምኑ ነው ዝቅ የሚለው?»

«እኔ ምን አውቄ። የድሮ ሰዎቹ ከዛሬው በግማሽ ዝቅ ያደርጉት ነበር አለች መሰለኝ። ኦርጋኑንም በድሮው ልክ የተሠራ ፈልገው ነው አሉ ያስመጡት። ከዛሬው በግማሽ ስትለኝ፣ እኔ መጀመሪያ ስለ ደሞዝ የምታወራ መስሎኝ ነበር።»

የጥንቱ ላ ከዛሬው በግማሽ ድምፅ እንደሚያንስ ጋሽ ሹካ ከመጽሐፍ ያውቁት ነበር፤ እንዲያውም ለፈተና አውጥተውት ያውቃሉ። ኦርጋኑ በግማሽ ይወርዳል። ጆሯቸው በግማሽ ያነሣዋል። ሁለት ስሕተቶች መንገድ ላይ ተገናኝተው ተሳሳሙ፤ እሳቸው ድኜአለሁ አሉ። ጤነኛ ጆሮ ቢኖራቸው ኖሮ በመጀመሪያዋ ላ ጣሪያውን ያነሡት ነበር። ልጃቸው የጠበቀችው ያንን ነው። ያልመጣ ጊዜ ደግሞ ያልመጣበትን ምክንያት ለማወቅ ሐኪም አላስፈለጋትም።

«ላ ናት?» ያለቻቸው ትዝ አላቸው።

ከመቅረት መዘግየት ይሻላል ብለው ተነሡ።

«ጋሼ፣ የቀረጻው ቀይ መብራት በርቷል» አለ ጥበቃው፤ አልሰሙትም። በሩን በረገዱት። ልጃቸው ዓይኗን ጨፍና የጸሎቱ ወገብ ላይ ደርሳለች።

«ዝቅ ብሏል!»

አዳራሹ ድምፅ ስለሚወድ «ብሏል»ን ለጥቂት ጊዜ ይዞ አቆየው። አማቻቸው ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከብርድ ልብሶቹ መሃል ወጣ።

«ተቀርጿል» አለ።

«ምኑ?»

«‹ዝቅ ብሏል› የሚለው። ጥርት ብሎ።»

ልጃቸው ቫዮሊኗን ከትከሻዋ አወረደች። «ምኑ ነው ዝቅ ያለው አባዬ?»

«ሁሉም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ጋሽ ሹካ ከዛሬ ጀምሮ ቢሉ፣ ኦርጋን በአንድ አዳር አይወርድም። ከመጀመሪያው ቀን ቢሉ፣ ታዲያ ያ ሁሉ «ግሩም ነው» ከየት መጣ? ውሸት ሲፈልጉ ሲፈልጉ አንድም ቅኝቱ የሚገጥም አላገኙም።

«ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ» አሉ።

ኦርጋን ተጫዋቿ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሣች።

«አውቃለሁ» አለች ልጃቸው።

«ታውቂያለሽ። ታዲያ እያወቅሽ ዝም ትያለሽ?»

«ደስ ብሎህ ነበር። ሦስቴ አስደገምካት እኮ።»

«እንደ ሕፃን ስታጫውቺኝ ሰነበትሽ በይኛ!»

«መቼ ነው የማጫውትህ? ሥራ ላይ ነኝ።»

«ሥራ ላይ ከሆንሽ የተበላሸ ጆሮ ምን ያደርግልሻል? ለምን አላሰናበትሽኝም?»

«ላ የት እንዳለች ለማወቅማ ኦርጋኑ አለልኝ፤ የተቀመጠበትን አይለቅም። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። በል፣ አሁን ስገባበት የነበረውን ንገረኝ።»

«በጩኸቴ ገደልኩት፤ ምኑን ልንገርሽ?»

«ከመጮህህ በፊት የሰማኸውን።»

ጋሽ ሹካ ወረቀታቸውን አግዳሚው ላይ አስቀመጡ። በሩን ሲከፍቱ የተቀበላቸውን ድምፅ ወደ ኋላ ተመልሰው ፈለጉት። የድምፆቹን ስም ተዉት፤ ስሙ የሳቸው አይደለም። እርስ በርሳቸው ምን እንደሚባባሉ ብቻ ሰሙ።

«ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ ተኳርፈዋል» አሉ።

ሁለቱን ገመዶች አንድ ላይ ሳበቻቸው። በመካከላቸው መስታወት ላይ እንደተያዘች ዝንብ የምትርገበገብ ነገር አለች።

«እኔ ምንም አልሰማሁም» አለ አማቻቸው።

«አንተማ ምን ትሰማለህ፤ አንተ የምትሰማው ሽቦ ነው» አሉት፤ ወደ ልጃቸውም ዞረው፣ «ሦስተኛዋ ናት ያኮረፈችው። አምጫት። ትንሽ። ትንሽ አልኩ እኮ፤ አለፍሻት! መልሺ... መልሺ... በቃ፣ እጅሽን አንሺ።»

ዝንቧ ዝም አለች። ሁለቱ ገመዶች እንደ አንድ ሰው ተነፈሱ።

አማቻቸው ወደ ብርድ ልብሶቹ ተመለሰ። በሩ ተዘጋ። ጋሽ ሹካ ወረቀቱን እዚያው ትተው አዳራሹ መሃል ወንበር ስበው ተቀመጡ። ልጃቸው ከመጀመሪያው ጀምራ እስከ መጨረሻው ተጫወተችው። ስታቆም ማንም አልተነቃነቀም፤ አዳራሹ የመጨረሻዋን ድምፅ ጨርሶ እስኪለቃት ተጠበቀ። ከዚያ አባቷን አየቻቸው።

«መሃሉ ላይ ትቸኩያለሽ» አሉ።

«ቅኝቱስ?»

«ስለ ቅኝቱ ማን አወራ? ትቸኩያለሽ ነው የምልሽ። ሰው ሲጸልይ አውቶቡስ የሚያመልጠው ይመስል አይሮጥም። የትናንቱንም ሮጠሽበታል። የዚያን የመጀመሪያውንማ ተዪው።»

«አባዬ! ታዲያ ይኼን ሁሉ ቀን ለምን ሳትነግረኝ?»

«ላ እየሰማሁ ነበራ!» አሉ ጋሽ ሹካ፤ ወንበራቸውንም ወደ እሷ አስጠጉ።