አርባ ወይስ አርባ አምስት

ከኮረብታው ጀርባ ሦስተኛው ተኩስ ሲያስተጋባ ሲግኔ ያጠበችውን ሳህን መልሳ ማጠብ ጀመረች።

"ምነው ይሄ ወንድምሽ ዛሬ እንኳ ቢያርፍ!" አለች ጎረቤቷ ፈርን፣ ያመጣችውን ድንችና አይብ ምድጃ ውስጥ እየከተተች። "አባቱ ሳይቀበር ተኩስ?"

"መቀመጥ አቅቶት ነው።"

እሷም አልቻለችም። አባቷ ኦርቪል ካረፉ ጀምሮ ከወጥ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን በረንዳ ስትንቆራጠጥ ነው የምትውለው። አንዱ "አይዞሽ" ሊላት ሲጠጋ "ቡና ልድገምዎት" ብላ ታመልጣለች።

ሳሎን ውስጥ ሽማግሌው ዴልበርት ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ተቀምጠዋል። ጠመንጃ ሠሪ ናቸው። ኦርቪል እንደ ጥንቱ በጥቁር ባሩድ የሚተኮስ ጠመንጃ አዘዋቸው ዓመታት ወረፋ ጠብቀዋል። አሁን ሰደፉ ተጠርቦ አልቋል። የቀረው አፈሙዙ ነው፤ እሱ ደግሞ ካሊበሩ፣ ማለትም የቀዳዳው ስፋት፣ ሳይታወቅ አይሰረሰርም።

"በሐዘን ቤት እንዲህ ያለ ነገር ማንሳቴ ነውር ነው" አሉ ዴልበርት። "ግን ለበጋው የዒላማ ተኩስ ውድድር እንዲደርስ ከሆነ በዚህ ሳምንት ብረቱን መጀመር አለብኝ።"

የሲግኔ ወንድም አርለን በሩን በእግሩ ገፍቶ ገባ። የአባቱን አሮጌ ጠመንጃ በግራ እጁ ይዟል፤ ጣቶቹ በባሩድ ጠቁረዋል።

"ምን ያጠያይቃል? አርባ አምስት-ዘጠና ነዋ! አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የተኮሰው እሱን ነው። በጋ ላይ እኔ እተኩስለታለሁ።"

"ልዩነቱ ምንድን ነው?" አለች ፈርን።

"አርባ አምስት-ዘጠናው ወፍራም አረር፣ ብዙ ባሩድ ነው" አሉ ዴልበርት። "ሲተኮስ ትከሻ ይደልቃል። አርባ-ስድሳ አምስቱ ቀጠን ይላል፤ ተኳሹን አይጎዳም፣ ዒላማውንም አይስትም።" ባርኔጣቸውን አገላበጡ። "አባትህ አምና በመከር ደውሎ 'አርባውን አድርግልኝ' አለኝ። በማግስቱ 'ቆይ፣ ተወው' አለ። ደግሞ ደወለ፣ ደግሞ ተወው። እንዲህ እንዳለ ሞተ።"

አርለን ሳቀ። "አባዬ? ያቺን መጫወቻ? ቀልድዎን ነው!"

ሲግኔ የቡናውን ማንቆርቆሪያ ይዛ ቆማ ቀረች።

አምና በጋ እንደ ሁልጊዜው ከአባቷ ጎን በደረቷ ተኝታ፣ አረሩ የት እንዳረፈ በመነጽር እያየች ትነግራቸው ነበር። ማዶ ለዒላማ ከብረት የተቆረጡ በጎች ተደርድረዋል። አንዱም አልወደቀም። ግራ ገብቷት ዓይኗን ከመነጽሩ አንስታ ወደ አባቷ ዞረች። ቃታውን ሊስቡ ሲሉ ዓይናቸውን ጭፍን አደረጉ፤ ጉንጫቸው ተንቀጠቀጠ።

"ነፋሱ ነው" አሉ ከተኮሱ በኋላ።

ሣሩ ንቅንቅ አላለም። "አዎ፣ ነፋስ ነው" አለች።

መኪና ውስጥ ቀበቶውን ስበው ማሰር አቃታቸው። እሷ አሰረችላቸው። እስከ ቤት ድረስ በመስኮት እያዩ ሄዱና፣ የግቢው በር ላይ ሲደርሱ፣ "ለአርለን እንዳትነግሪው" አሏት።

"ያመው ነበር" አለች አሁን።

"ማንን?"

"አባዬን። ትከሻው አልቆ ነበር። ሳይተኩስ በፊት ዓይኑን ይጨፍን ነበር፣ አርለን። አይቼዋለሁ።"

"ትዋሻለሽ!"

"ቀበቶ እንኳ ማሰር አይችልም ነበር። አንተ እንዳትሰማ ለመነኝ።"

አርለን ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ማንንም ሳያይ ወደ ጓሮ በር ሄደ። ሲግኔ ማንቆርቆሪያውን ለፈርን አቀብላ ተከተለችው።

በሩ አጠገብ ካፖርት መስቀያው ሥር ካፖርቱን ለማውለቅ ሲታገል አገኘችው። ቀኝ እጁ እጅጌው ውስጥ ቀርቷል፤ ሊያወጣው ሲሞክር ጥርሱን ነከሰ። ቀስ ብላ ሳበችለት። የሸሚዙን ቁልፎች ስትፈታለትም አልከለከላትም። ትከሻው ከአንገቱ ሥር እስከ ክንዱ ድረስ ጠቁሮና አብጦ ነበር።

"ይሄን ይዘህ ነው ጠዋት ጠዋት የምትተኩሰው?"

"እሱ ሲያመው አይቼ አላውቅም" አለ አርለን። "እኔን ብቻ የሚያመኝ መስሎኝ... ልልመደው ብዬ ነው።"

ሳሎን ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

"አርባውን ይሥሩት በያቸው" አለ አርለን በመጨረሻ። "እኔ ስነግራቸው አለቅሳለሁ።"

ሄዳ ነገረቻቸው። ዴልበርት በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስትመለስ ከማቀዝቀዣው በረዶ የሆነ የአተር ከረጢት አወጣች። በፎጣ ጠቅልላ ያበጠው የወንድሟ ትከሻ ላይ አኖረችው።

"ቀዘቀዘኝ" አለ።

"አውቃለሁ" አለች፤ እጇንም አላነሳችም።